የቀድሞ የመጠሪያ ስሞች እንደ ዐረፍተ ነገር፤ በመዝገበ ቃላትና በትርጉም ሥራ ስለሚያስነሡት ጥያቄ

በአማርኛ መዝገበ ቃላት ዝግጅት ለሰው መጠሪያ ስም የሚሰጠው ቦታ ብዙ ጊዜ ጠባብ ነው። ስሙ ከሥሩ ሥር ተመዝግቦ «የሰው ስም» የሚል አጭር ማስታወሻ ሊጨመርለት ይችላል፤ ማን እንደ ተናገረውና ለማን እንደ ተነገረ ግን አይገለጽም። ይሁን እንጂ ዛሬ አያቶች የሆኑት ሰዎች የሚጠሩባቸው ስሞች ብዙዎቹ አንድ ቃል መስለው ቢታዩም ሙሉ ዐረፍተ ነገሮች ናቸው። ዐረፍተ ነገር ደግሞ ተናጋሪ፣ ሰሚና የተነገረበት ምክንያት አለው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህ ሦስቱ ካልታወቁ የስሙ ትርጉም ታውቋል ለማለት እንደማይቻል ማስረዳት ነው።

፩. ከሰፈር ስም የሚገኝ ትምህርት

የስምን ትርጉም ከቃሉ መልክ ብቻ መገመት እንደሚያሳስት ለመረዳት የአዲስ አበባን ሁለት አጎራባች ስሞች መመልከት ይበቃል። «ቂርቆስ» ሰፈሩም ክፍለ ከተማውም ስያሜውን ያገኙት በዚያ ካለው ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ ስሙ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር በሰማዕትነት የሚታሰበው የሕፃኑ ቅዱስ ስም ነው። ከግሪክ በግዕዝ በኩል የመጣ ስለሆነ በአማርኛ ሥር አይፈለግለትም። በዚሁ ክፍለ ከተማ የሚገኘው «ካዛንቺስ» ደግሞ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣልያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ የነበረው «ኢንቺስ» የተባለው ድርጅት ስም፣ ቤቶች ማለት ከሆነው «ካዜ» ከሚለው የጣልያንኛ ቃል ጋር ተጣምሮ የፈጠረው ነው። አንዳንዶች «ካሳንቺስ» ብለው ስለሚጽፉት «ካሳ» ከሚለው የአማርኛ ቃል ጋር የተዛመደ ይመስላል፤ ዝምድናው ግን የድምፅ አጋጣሚ ብቻ ነው።

፪. የአንቀጹ ዓይነትና ተናጋሪው

ወደ ሰው ስም ስንመለስ በአንቀጽ የቆሙትን ስሞች በሦስት ወገን ከፍሎ ማየት ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ በኃላፊ አንቀጽ የተነገሩ ናቸው፤ አበበ፣ በቀለ፣ ታደሰ፣ ከበደ የመሳሰሉት። ሁለተኛዎቹ ትእዛዝ ናቸው፤ ጥላሁን (ጥላ ሁን)፣ ካሳሁን (ካሳ ሁን)፣ አስፋው። ሦስተኛዎቹ ምርቃት ናቸው፤ ይልማ፣ ይርጋ። እንደ «ማንጠግቦሽ» ያለው ደግሞ በጥያቄ መልክ የቀረበ አድናቆት ነው። ጥሩነሽ፣ ወርቅነሽ፣ ብዙነሽ የሚሉት ሕፃኗን ፊት ለፊት የሚያናግሩ ናቸው። በ1967 ዓ.ም. በሐዳር ለተገኘችው ቅሪተ አካል «ድንቅነሽ» የሚለው ስም ሲሰጣት ይኸው የቆየ ሥርዐት ተጠብቋል፤ «ሉሲ» የሚለው መጠሪያ ግን ማንንም አያናግርም።

የጾታ ለውጥም ባለቤቱን ይለውጣል። «ዘነበ» ሲባል ባለቤቱ ዝናቡ ሊሆን ይችላል፤ ልጁ በተወለደበት ቀን ዘንቦ ይሆናል። «ዘነበች» ሲባል ግን አንቀጹ በሴት ጾታ ስለሚነገር ባለቤቷ ራሷ ልጅቱ ትሆናለች። እንዲህ ያለው አሰያየም የአማርኛ ብቻ አይደለም፤ በኦሮምኛ «ደራርቱ» የሚለው ስም ማበብን ከሚገልጸው አንቀጽ የወጣ በመሆኑ ከ«አበበች» ጋር በአሳብ ይገናኛል።

ፊደላችን ጥብቀትን ስለማያሳይ የጽሕፈቱ መልክ ብቻውን አይበቃም። «ተሰማ» ማ ሲጠብቅ «ተደመጠ» ማለት ነው፤ ማ ሲላላ ግን ትእዛዝ ይሆናል። የሰው ስም ሆኖ ሲነገር ይጠብቃልና ትርጉሙ የተፈጸመ ነገርን ይገልጻል። «ተፈራ» እና «ተፈሪ» የሚሉትም ከአንድ ሥር ቢወጡም የመጀመሪያው አንቀጽ፣ ሁለተኛው «የሚፈራ» የሚል ቅጽል ነው። ሁለተኛው ከማዕረግ ጋር ተጣምሮ «ራስ ተፈሪ» በመባሉ፣ ከ1923 ዓ.ም. የንግሥ በዓል በኋላ በጃማይካ ለተነሣው እምነት መጠሪያ ሆኖ በብዙ አገሮች መዝገበ ቃላት ገብቷል።

፫. ስምና ሙያዊ ቃል ሲገናኙ

«ካሳ» የሚለው ቃል ካሰ ከሚለው አንቀጽ የወጣ ሲሆን፣ ትግርኛ «ካሕሳ» እያለ በአማርኛ የጠፋውን የሐ ድምፅ ጠብቆታል። ዐፄ ቴዎድሮስና ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከመንገሣቸው በፊት በዚህ ስም ይጠሩ ነበር። በልማድ ካሳ፣ ካሳሁን፣ ምትኩ፣ ተካልኝ፣ ማስረሻ የሚሉት ስሞች ቀድሞ ልጅ ወይም ዘመድ በሞተበት ቤት ይወጣሉ፤ ተናጋሪው ያዘነው ወላጅ ነው። ይሁን እንጂ ሌላ ጉዳት፣ ሌላ ዕዳም ሊካስ ስለሚችል ስሙ ብቻውን የሞት ማስረጃ አይሆንም።

ይኸው ቃል በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ከይዞታው ለሚነሣ ሰው የሚከፈለውን ገንዘብ ይሰይማል። «ይርጋ» ደግሞ በስምነቱ «ይጽና፣ ይደላደል» የሚል ምርቃት ሲሆን፣ በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ክስ የማቅረብ መብት የሚቋረጥበትን ጊዜ ያመለክታል። አንዱ ሥር በእናት አፍ ተስፋ፣ በሕግ አፍ የመብት መቋረጥ ሆኗል። የሕግ ቃላት አዘጋጆች ሁለቱን በተለያየ መግቢያ ቢያስቀምጡ ተርጓሚ ከስሕተት ይድናል።

፬. ለተርጓሚ

የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በ1872 ዓ.ም. በዐሥራ ስምንት ዓመቱ እዚያው አረፈ። ስሙን «ዓለምን አየሁ» ብሎ በቁሙ የተረጎመ ሰው ስለ መንገደኛ የተነገረ ያስመስለዋል። ነገር ግን በአማርኛ «ዓለም» ደስታና ተድላ ማለትም ነው፤ «ዓለሟን አየች» ሲባል እንደሚታወቀው። በዚህ መሠረት ስሙ «ደስታን አየሁ» የሚል ነው፤ «አየሁ» የሚለውም ወላጅ እንጂ ልጁ አይደለም። ተናጋሪው ባለመለየቱ ብቻ የወላጅ ደስታ የልጅ ጉዞ ይሆናል።

፭. የአመዘጋገብ አሳብ

ከላይ ከተነገረው በመነሣት ለእያንዳንዱ ስም አራት ነገሮች ቢመዘገቡ ይበጃል፦ አነባበቡ ከነጥብቀቱ፣ የዐረፍተ ነገሩ አከፋፈል፣ ተናጋሪውና ሰሚው፣ እንዲሁም ባለስሙ ወይም ዘመዱ የተናገረው ምክንያት። የመጨረሻው በማንኛውም ጽሑፍ የማይገኝ ስለሆነ ቀዳሚ ሊሆን ይገባል። የዕድር መዝገብ የዓለም ስምን ያስቀምጣል፤ ቤተ ክርስቲያን ወንዱ በአርባ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀን ሲጠመቁ የተሰጣቸውን የክርስትና ስም በፍትሐት ትጠራለች፤ «ማስረሻ» ምን እንዳስረሳ የምታውቀው ግን እናት ናት፤ እናት ካለፈች አብራት ያረጀች ጎረቤት ናት።

በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ ብዙ የካዛንቺስ ነዋሪዎች ከቆየ መንደራቸው ተነሥተው በከተማው ልዩ ልዩ ዳርቻዎች ሰፍረዋል። አንዱ የሌላውን ስም ምክንያት የሚያውቅባቸው ጎረቤታሞች በዚህ ተለያይተዋል። ስለሆነም የስም ጥናት የሚጀምረው ከሥር ቃል ፍለጋ ሳይሆን፣ አረጋውያኑን ባሉበት ፈልጎ «ይህን ስም ማን አወጣልዎ? ስለ ምን?» ብሎ ከመጠየቅ ሊሆን ይገባል፤ ሥሩን ከመጽሐፍ ነገም እናገኘዋለን።