የትኩሳት መለኪያና ቀጥተኛው መስመር

ከአሜሪካ ዘመድ የላከው የትኩሳት መለኪያ በቤታችሁ ይገኝ ይሆናል። ሕፃኑን ሌሊት ሲያተኩሰው መለኪያው 104 ቢያሳይና ሐኪሙ በሴንቲግሬድ ስንት እንደ ሆነ ቢጠይቃችሁ፥ ምን ትመልሳላችሁ? ለዚህ አንድ ቀጥተኛ መስመር ይበቃል።

በወረቀት ላይ ለሴንቲግሬድ አግድም መስመር፥ ለፋራናይት ቋሚ መስመር አድርጋችሁ 0 ላይ አገናኟቸው። ውሃ በረዶ የሚሆነው በ0 ሴንቲግሬድ፥ ማለት በ32 ፋራናይት ነው፤ በባሕር ወለል የሚፈላው በ100፥ ማለት በ212 ነው። (አዲስ አበባ ከፍተኛ ስፍራ ስለ ሆነች ውሃዋ ከዚያ አንሶ ይፈላል፤ መስመሩን ግን አይለውጠውም።) እነዚህን ሁለት ነጥቦች በማስመሪያ አገናኙ፤ በሁለት ነጥቦች የሚያልፍ ቀጥተኛ መስመር አንድ ብቻ ነውና ሦስተኛ መፈለግ አያሻም።

መስመሩ ቋሚውን የሚቆርጠው በ32 ላይ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ፋራናይት የሴንቲግሬዱን ቁጥር በማባዛት ብቻ የሚገኝ ይመስለውና 32ቱን ይዘነጋል። መስመሩ አግድሙንም ከ0 በስተግራ ይቆርጠዋል፤ እርሱ ግን ለሕመምተኛ ስለማይጠቅም እናልፈዋለን። ተዳፋቱን ለማወቅ ከ32 እስከ 212 ሽቅብ የወጣውን 180 ወደ ቀኝ ለተሄደው 100 ማካፈል ነው፤ 1.8 ይሆናል። ይኸውም ሴንቲግሬድ በ1 በጨመረ ቍጥር ፋራናይት በ1.8 ይጨምራል ማለት ነው።

አሁን ቋሚው ላይ ከ104 ተነሥታችሁ እስከ መስመሩ ወደ ቀኝ ሂዱ፤ ከዚያም ቁልቁል ውረዱ፤ 40 ላይ ታርፋላችሁ። በሒሳብም ከ104 ላይ 32 ሲቀነስ 72፥ ይህም ለ1.8 ሲካፈል 40 ነው። ትኩሳቱ ከፍተኛ ነውና ለሐኪሙ ይህንኑ ነግራችሁ ሕፃኑን ሳትዘገዩ ውሰዱት።