የሥልጠና ገንዘብ የት ይቀራል?

ድርጅቶች ሠራተኞቻቸውን ሲያሠለጥኑ በሒሳብ መዝገባቸው ላይ የሚሰፍረው የአዳራሽ ኪራይ፣ የአሠልጣኝ ክፍያ፣ የሻይና የምሳ እንዲሁም የውሎ አበል ነው። ከእነዚህ ሊበልጥ የሚችለው ወጪ ግን በመዝገቡ ላይ አይታይም፤ ሥራ ላይ ያልዋለው ጊዜ ነው። 20 ሠራተኞች ለሁለት ቀን አዳራሽ ቢቀመጡ ድርጅቱ 40 የሥራ ቀን ከፍሏል ማለት ነው። በሦስተኛው ቀን ሠራተኛው የምስክር ወረቀቱን ይዞ ሲመለስ፣ ማሽኑን የሚይዘው ወይም ደንበኛውን የሚያስተናግደው ከሥልጠናው በፊት እንደነበረው ከሆነ፣ ባለሀብቱ 40ው ቀን የት ገባ ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የሚለጠፈው በሠራተኛው ላይ ነው። «አይማሩም»፣ «አበሉን እንጂ ትምህርቱን አይፈልጉም» ይባላል። ይሁን እንጂ ችግሩ በአብዛኛው ያለው ለትልቅ ሰው የተሰናዳው ሥልጠና ለተማሪ ቤት ልጅ በሚስማማ መንገድ በመዘጋጀቱ ነው። ማልኮልም ኖውልስ የተባሉት አሜሪካዊ የትምህርት ባለሙያ እ.ኤ.አ በ1970 ስለ ጎልማሶች ትምህርት ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ ትልቅ ሰው ወደ ትምህርት የሚመጣው የሕይወትና የሥራ ልምዱን ይዞ ነው። ወደፊት ይጠቅምሃል የሚለው ተስፋ ብዙም አይገፋፋውም፤ የሚፈልገው ዛሬ ለገጠመው ችግር መፍትሔ ነው። ራሱን የሚመራ ሰው ተደርጎ መታየትም ይሻል። አንድ አሠልጣኝ ለ20 ሰው ሁለት ቀን ሙሉ ቢናገር ይህን ሁሉ ሊያሟላ አይችልም።

ጦርነት የወለደው ዘዴ

ለዚህ ችግር ከተገኙት መፍትሔዎች አንዱ የተወለደው በጦርነት ዋዜማ ነው። እ.ኤ.አ በ1940 አሜሪካ የጦር መሣሪያ ምርቷን ለማሳደግ ስትነሳ የሠለጠነ የሰው ኃይል አጣች። ከሁሉ በላይ ከጠፉት አንዱ ለማነጣጠሪያ መሣሪያዎች የሚያገለግል ሌንስ የሚሞርድ ባለሙያ ነበር። አንድን ሰው ለዚህ ሙያ ማብቃት አምስት ዓመት ይፈጅ ነበር። መንግሥት በዚያው ዓመት ያቋቋመው የኢንዱስትሪ ውስጥ ሥልጠና አገልግሎት ባለሙያዎች ሥራውን ቀርበው ሲመረምሩ፣ አንድ ሙያ የሚባለው ነገር የብዙ ልዩ ልዩ ሥራዎች ድምር ሆኖ አገኙት። ሥራዎቹ ተነጣጥለው ለየብቻቸው ሲሰጡ፣ በአምስት ዓመት ይለካ የነበረው ሥልጠና በወራት የሚያልቅ ሆነ።

አገልግሎቱ ሠራተኛውን በቀጥታ ለማሠልጠን አልሞከረም። ያሠለጠነው የሠራተኛውን አለቃ ነው። አሥር የማይበልጡ የቅርብ ኃላፊዎች በአንድ ላይ ሆነው በየሁለት ሰዓቱ አምስት ጊዜ ይሰባሰባሉ፤ በጠቅላላው አሥር ሰዓት ነው። በመጀመሪያው ቀን አሠልጣኙ ንግግር አያበዛም። የኤሌክትሪክ ገመድ ከአምፖል መያዣው ተስቦ እንዳይወጣ የሚታሰረውን ቋጠሮ አንስቶ፣ ለአንዱ ተሳታፊ አሠራሩን በቃል ብቻ ይነግረዋል። ሰውየው ያቅተዋል። ለሌላው ምንም ሳይናገር እያሰረ ያሳየዋል፤ እሱም ያቅተዋል። ለሦስተኛው ግን ደረጃ በደረጃ እያሳየ፣ ቁልፍ የሆነውን ነጥብ ከነምክንያቱ እየነገረ፣ ራሱ ደጋግሞ እንዲሠራው ያደርጋል። ሦስተኛው ያስረዋል። «ነግሬው ነበር»፣ «አሳይቼው ነበር» የሚሉት የአለቆች ማመካኛዎች በዚያው ጠረጴዛ ላይ ይወድቃሉ።

አገልግሎቱ እ.ኤ.አ በ1945 ሲዘጋ፣ ከ16 ሺሕ በሚበልጡ ፋብሪካዎች 1.75 ሚሊዮን ያህል ኃላፊዎች ሠልጥነው ነበር። በመጨረሻው ሪፖርቱ እንደተመለከተው መረጃ ከሰጡት ድርጅቶች 86 ከመቶው ምርታቸው ቢያንስ በ25 ከመቶ ማደጉን አስታውቀዋል። ቁጥሩ ድርጅቶቹ በጦርነት ጊዜ ስለ ራሳቸው የሰጡት በመሆኑ በጥንቃቄ መታየት ቢኖርበትም፣ ዘዴው ከጦርነቱ በኋላም አልሞተም።

በአራት ደረጃ

የዘዴው ሥራ የሚጀምረው ሠልጣኙ ከመምጣቱ በፊት ነው። አለቃው አንድን ሥራ መርጦ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ይተነትነዋል። በአንድ በኩል ዋና ዋና ደረጃዎችን፣ በሌላው በኩል ሥራውን የሚያበላሹትን፣ ሠራተኛውን የሚጎዱትን ወይም ሥራውን የሚያቀሉትን ቁልፍ ነጥቦች ይጽፋል።

ለምሳሌ ያህል በቡና ማበጠሪያ ቤት አዲስ ለገባች ለቃሚ የሚሰጠውን ትእዛዝ እንይ። «መጥፎ መጥፎውን ልቀሚ» ትባላለች። ብዙ ዓመት የሠራችው ጓደኛዋ መጥፎውን በዓይኗ ብቻ ትለየዋለች፤ አዲሷ ግን መጥፎ ምን እንደሚመስል ገና አላወቀችም። ሥራው ሲተነተን የመጀመሪያው ደረጃ ቡናውን በጠረጴዛው ላይ መዘርጋት ነው። ቁልፍ ነጥቡ ሳይደራረብ በስሱ መዘርጋቱ ሲሆን፣ ምክንያቱም አንዱ ፍሬ ሌላውን እንዳይሸፍነው ነው። ቀጥሎ ጥቁሩ፣ ከዚያ ነቀዝ የበሳው፣ ከዚያ የተሰበረው በየተራ ይለቀማል። የእያንዳንዱ ናሙና በትንሽ ጣሳ አጠገቧ ቢቀመጥላት መጥፎ የሚለው ቃል በእጇ የምትይዘው ነገር ይሆናል።

ከዚህ በኋላ የማስተማሩ ሥራ በአራት ደረጃ ይከናወናል። አንደኛ፣ ሠልጣኙን ማዘጋጀት ነው። ፍርሃቱን ማራቅ፣ ስለ ሥራው አስቀድሞ የሚያውቀውን መጠየቅና ሥራው ለምን እንደሚያስፈልግ መንገር ይገባል። ሁለተኛ፣ አንድ በአንድ እየነገሩና እያሳዩ፣ ሊይዘው ከሚችለው በላይ ሳይጭኑበት ሥራውን ማቅረብ ነው። ሦስተኛ፣ ራሱ እንዲሠራው ማድረግ፣ እየሠራም ቁልፍ ነጥቦቹን በራሱ አፍ እንዲያስረዳ መጠየቅ ነው። አራተኛ፣ ሥራውን ለራሱ ሰጥቶ ሲቸገር ማንን እንደሚጠይቅ ማሳወቅና መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ፣ በኋላ አለፍ እያሉ መከታተል ነው። የአዳራሽ ሥልጠና ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ላይ ያበቃል። ያልተገላበጠ ያራል እንደሚባለው፣ ክትትል የሌለው ትምህርትም እዚያው ይበላሻል።

ከጃፓን እስከ አዲስ አበባ

ይኸው ሥልጠና ከጦርነቱ በኋላ በአሜሪካ ባለሥልጣናት አማካይነት ወደ ጃፓን ገባ። ቶዮታን የመሳሰሉ ድርጅቶችም ከራሳቸው አሠራር ጋር አዋሐዱት። በኋላ ካይዘን በሚል ስም ዓለም ያወቀው የማያቋርጥ ማሻሻያ ከመነሻዎቹ አንዱ ይህ እንደሆነ ይታመናል። ኢትዮጵያ ደግሞ ይህንኑ የጃፓን ልምድ ጠይቃ፣ በ2002 ዓ.ም በጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ኤጀንሲ ድጋፍ 30 ድርጅቶች የተመረጡበት የሙከራ ፕሮጀክት ተጀመረ። በ2004 ዓ.ም የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ሠራተኞች በቡድን ሆነው የራሳቸውን የሥራ ቦታ በሚያሻሽሉበት በዚህ አሠራር ዋናው መማሪያ ራሱ የሥራው ቦታ ነው። ከሥልጠና ገንዘብ አንጻር ሲታይ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ያን ያህል የአዳራሽ ኪራይ አያስፈልግም።

«ሌላ ቢወስድብኝስ?»

ብዙ ነጋዴ ሥልጠናን የሚሸሽበት ምክንያት አለው። «አሠልጥኜ ለጎረቤቴ ልሰጥ ነው ወይ?» ይላል። ስጋቱ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ሒሳቡ እንደ ሥልጠናው ዓይነት ይለያያል። ሁለት ካቦዎች እያንዳንዳቸው አሥር ሰዓት ቢሠለጥኑ የወጣው ጊዜ 20 ሰዓት፣ ማለትም በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ሁለት ቀን ተኩል ነው። አንድ ሠራተኛ ሲለቅ የሥራው ትንተና በወረቀት ላይ፣ የማስተማር ችሎታውም በካቦው እጅ ስለሚቀር ምትኩን ማሠልጠን ይቀላል። ትልቁ ኪሳራ ያለው ዕውቀቱ ሁሉ በአንድ ነባር ሠራተኛ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ሲቀመጥ ነው። ያ ሰው የለቀቀ ዕለት ድርጅቱ የሚያጣው ሙያውንም ጭምር ነው።

ሥልጠና የማይፈታው ነገር መኖሩም መዘንጋት የለበትም። ሠራተኛው ሥራውን እያወቀ የማይሠራው መለዋወጫ ጠፍቶ፣ ክፍያው አንሶ ወይም ሁለት አለቃ ሁለት ትእዛዝ እየሰጠው ከሆነ፣ የሚስተካከለው እሱ ነው እንጂ ሠራተኛው አይደለም።

መለኪያው

አሜሪካዊው ዶናልድ ኪርክፓትሪክ እ.ኤ.አ በ1959 ሥልጠና በአራት ነገር እንዲለካ ሐሳብ አቅርበዋል። ሠልጣኙ ወደደው ወይ? ተማረ ወይ? የተማረውን በሥራው ላይ አዋለ ወይ? ድርጅቱስ ምን አተረፈ? በመጨረሻው ቀን የሚሞላው ቅጽ የሚመልሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ነጋዴውን የሚመለከተው አራተኛው በመሆኑ፣ ቁጥሩ ከሥልጠናው በፊት መመዝገብ አለበት። በቀን የሚለቀም ቡና በኪሎ፣ ከደንበኛ የሚመለስ ዕቃ፣ በሳምንት የሚታይ የካዝና ጉድለት፣ እንደየሥራው አንዱን መያዝ ይበቃል።

ለአዲስ ገቢ ደግሞ ሕጉ ራሱ የጊዜ ሰሌዳ ያበጃል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን ሊበልጥ አይችልም። በአምስተኛው ቀን ምን፣ በሃያኛው ምን፣ በስልሳኛው ምን ማወቅ እንዳለበት ያልጻፈ አሠሪ፣ ጊዜው ሲያበቃ ስለ ሠራተኛው የሚሰጠው ውሳኔ ከግምት አያልፍም። ሠራተኛውም በማን ጉድለት እንደወደቀ ሳያውቅ ይሰናበታል።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የዓመቱ በጀት ሳይመለስ ለመጨረስ ሲባል በሰኔ የሚደገስ ሥልጠናም ከዚህ የተለየ ዕድል የለውም። አዳራሽ ከመከራየቱ በፊት አንድ ሥራ መርጦ፣ አንድ ካቦ አስቀምጦ፣ አንድ ገጽ ወረቀት ማስሞላት የሚጠይቀው የአንድ ከሰዓት በኋላ ጊዜ ነው። ካቦው መሙላት ካቃተው፣ መጀመሪያ መሠልጠን ያለበት ማን እንደሆነ ታውቋል።