ኩልፎን ማን ይጠብቀው?

የዛሬው ጽሑፌ ስለ ወንዛችንና ስለ ጫካው ነው።

ባለፈው ሳምንት መምህራችን አንድ ጥያቄ ጠየቁን። «ኩልፎን፣ ጫካውንና አራዊቱን የሚያስተዳድር ድርጅት ምረጡ ብትባሉ ማንን ትመርጣላችሁ?» አሉን። ክፍሉ ተንጫጫ። ፊት የተቀመጡት «መንግሥት!» አሉ። ከኋላ ያሉት ደግሞ «ፈረንጆች ይሻላሉ፣ ብር አላቸው!» አሉ። እውነቱን ለመናገር እኔም እጄን ያወጣሁት ለፈረንጆቹ ነበር። መምህራችን ሳቅ ብለው «እናንተ ሳትወለዱ ተሞክሯል» አሉን።

መጀመሪያ ቦታውን ላስታውሳችሁ። ኩልፎ ከጋሞ ተራሮች ወርዶ፣ በከተማችን አጠገብ አልፎ፣ ጫካውን አቋርጦ ጫሞ ሐይቅ ይገባል። ሐይቁ ጋ ሲደርስ ቱሪስቶች በጀልባ ሄደው የሚያዩት የአዞ ገበያ አለ (ገበያ ይባላል እንጂ የሚሸጥ የለም)። ጫካው ውስጥ ያሉት እነዚያ ትልልቅ ሾላዎች በዝናብ ብቻ አይደለም የሚኖሩት፣ ከመሬት ሥር የሚወጣ ውሃ ይጠጣሉ። ከተማችን ስሟን ያገኘችባቸው አርባዎቹ ምንጮችም እዚያው ናቸው። ቧንቧችን የሚመጣው ከዚያ ነው። ይህ ሁሉ ያለው በነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው። ፓርኩ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ሲኖረው የተቋቋመው በ1966 ዓ.ም. ነው። ከተቋቋመበት ዋና ምክንያት አንዱ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘውን የስዋይን ቆርኬ ለማዳን ነበር። ቆርኬው ይኖር የነበረው ማዶ ሜዳው ላይ ነው። ቢሆንም ሜዳውም፣ ወንዙም፣ ጫካውም አስተዳዳሪያቸው አንድ ነው።

በ1996 ዓ.ም. መንግሥት ፓርኩን እንዲያስተዳድር አፍሪካን ፓርክስ ከሚባል የውጭ ድርጅት ጋር ውል ተፈራረመ። ድርጅቱ ገንዘብም እውቀትም ነበረው። ግን በ2000 ዓ.ም. ውሉን እንደሚያቋርጥ አሳወቀና ወጣ። ለምን? በፓርኩ ውስጥ የሚያርሱና ከብት የሚያግዱ ሰዎች ነበሩ። ከፊሎቹ ተነስተው ሌላ ቦታ ሰፈሩ፣ የሌሎቹ ጉዳይ ግን ሳይቋጭ ቀረ። ድርጅቱ ይህ ካልተፈታ መሥራት አልችልም አለ። ሌሎች ደግሞ ሰው ከቀዬው ሲነሳ በደል ደርሷል ብለው ተቃወሙ። ቆርኬውም በመሃል ተጎዳ። ዛሬ ብዙ ቆርኬ ማየት የሚፈልግ ሰው ሰንቀሌ ወይም ማዜ ነው የሚሄደው።

«እንግዲህ ድርጅቱ ሰነፍ ነበር» እንዳትሉ። ያው ድርጅት በ1995 ዓ.ም. በማላዊ ማጄቴ የሚባል ጥብቅ ቦታ ተረክቧል። እዚያም በአጠገቡ ሽሬ የሚባል ወንዝ ያልፋል (የኛው የትግራዩ ሽሬ አይደለም)። አውሬው አልቆ ነበር። ጥቁር አውራሪስና ዝሆን ከሌላ ቦታ አምጥተው አባዙ፣ አሁንም እዚያው ናቸው። ልዩነቱ ምንድነው? እዚያ መንደሮቹ ያሉት ከአጥሩ ውጭ ነው። እዚህ ግን ሰው ውስጥ ነበር፣ ማን ምን እንደሚሆን አስቀድሞ የተስማማም የለም።

ስለዚህ ድርጅት ስንመርጥ «ስንት ብር አለህ?» ብቻ ማለት አይበቃም። እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው «እዚያ ከሚኖረው ሰው ጋር ተቀምጠህ ተነጋግረሃል ወይ?» ብዬ ነው። ከዚያ የእንጨቱን ነገር እጠይቃለሁ። እናቶች ከጫካው እንጨት ተሸክመው ሲወጡ ሁላችንም እናያለን፣ እኛም ቤት እየገዛን እናነዳለን። ስካውት ቆሞ ቢከለክል፣ እማዬ ማታ በምን ትቀቅላለች? ድርጅቱ ለዚህ መልስ ከሌለው ሾላው በሌሊት ይቆረጣል።

ሌላው ሰው የሚረሳው ነገር ጭቃው ነው። በክረምት ኩልፎን አይታችሁታል? ቀይ ነው፣ ሻይ በወተት ይመስላል። ያ አፈር የሚመጣው ከላይ፣ ከደጋው ማሳ ነው። የፓርኩ ጠባቂ በሩ ላይ ጠመንጃ ይዞ ቢቆም ጭቃውን አያስቆመውም። ጭቃው ደግሞ ቀጥ ብሎ ጫሞ ይገባል፣ ዓሣው ያለበት። ስለዚህ የሚመረጠው ድርጅት ከፓርኩ ወሰን ውጭ፣ ደጋ ካሉት ገበሬዎች ጋር እርከን መሥራት የሚችል መሆን አለበት። ይህን የውጭ ድርጅት ብቻውን ይችለዋል ብዬ አላምንም። መንግሥት ብቻውንም ከባድ ነው። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ «ታዲያ አንዱ ኮሚቴ ውስጥ የደጋ ገበሬም፣ እንጨት ሻጯም፣ ዓሣ አስጋሪውም ይግባ፣ ብሩን የያዘው ደግሞ አውሬውን በየዓመቱ ቆጥሮ ቁጥሩን ለከተማው ይንገር» አለች። መምህራችን ይህን ሰሌዳው ላይ ጻፉት።

እኔም ከዚያ በኋላ ድምፄን ቀየርኩ። እናንተስ ማንን ትመርጣላችሁ? በወረቀት ጽፋችሁ በክበባችን ሳጥን ውስጥ ጨምሩ፣ በሚቀጥለው እትም እናነበዋለን። ስማችሁንና ክፍላችሁን መጻፍ እንዳትረሱ!