በ9 በመቶ የምታበድረው የተፋታች ሚስት

ጊንጪም ሆነ አምቦ፣ ፍርድ ቤት በር ላይ ከቆሙ ሴቶች አፍ የማይጠፋ ቅሬታ አለ፦ «ፈረዱልኝ፣ ብሩን ግን አላየሁትም።» ምክንያቱን የሚያስረዳ አይታጣም። አንዱ ዳኛው ተገዝቷል ይላል፤ ሌላው ሕጉ ለሴት አይቆምም ይላል፤ ጠበቃው ደግሞ ቀጠሮ በዛ ብሎ ያልፋል። በእኔ እምነት ሦስቱም ዋናውን ነገር ስተውታል።

መጀመሪያ ለተፋታች ሚስት የሚፈረደው ዕዳ እንዴት እንደሚወለድ እንይ። ጊንጪ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የጤፍ አገር ናት፤ ንግዷም በአብዛኛው የቤተሰብ ነው። ወፍጮው በአባት ስም ነው፣ አይሱዙው በታላቅ ወንድም፣ የእህል መጋዘኑ በአጎት። ልጁ ደመወዝ ሳይቆረጥለት እዚያው ይሠራል። ሚስቱ ኩንታል እየቆጠረች በደብተር ትመዘግባለች፣ ወርቋን ሸጣ ለወፍጮው ሞተር ማሠሪያ ትሰጣለች። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 516 ጀምሮ ንብረትን በአደራ የማስተዳደሪያ መንገድ አስፍሯል፤ በገጠር ከተማ ግን አደራው የሚጻፈው በወረቀት ሳይሆን በዝምድና ነው። ትዳሩ ሲፈርስ የኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ 69/1995) የባልና ሚስትን የጋራ ንብረት አካፍሉ ይላል፤ በባልየው ስም የሚካፈል ነገር ግን አይገኝም። ነገሩን የሚያውቅ ጠበቃ ድርሻ መጠየቁን ትቶ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2162 ይሄዳል፦ ቤተሰቡ በእሷ ጉልበትና ገንዘብ ያላግባብ በልጽጓልና ይክፈል። ማስረጃው ከጠነከረ ይፈረድላታል። እስከዚህ ድረስ ሕጉ ሥራውን ሠርቷል።

ከዚያ የአፈጻጸም መዝገብ ይከፈታል። ንብረት ይጠቆማል፣ ይከበራል። ሐራጁ ሳይወጣ ወንድም ወይም የአጎት ልጅ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 418 «የተያዘው ንብረት የእኔ ነው» ብሎ ይቀርባል። ምስክር ይሰማል፣ ቀጠሮ ይሰጣል፣ ይግባኝ ይከተላል። «ቀጠሮ በዛ» የሚለው ማብራሪያ የሚቆመው እዚህ ነው። እኔ ግን ነገሩን ገልብጬ አየዋለሁ፦ ተቃውሞ የሚደረደረው ማዘግየት ስለሚያተርፍ ነው።

ሂሳቡን በምሳሌ እናስላው። 400,000 ብር ተፈረደላት እንበል። ፍርዱ ላይ «ከ9 በመቶ ሕጋዊ ወለድ ጋር» የሚል ሐረግ አለ፤ ከፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1751 የመጣ ነው። ክፍያው ሦስት ዓመት ቢዘገይ ወለዱ 108,000 ብር ይሆናል፣ በድምሩ 508,000። ዋጋ በየዓመቱ በ30 በመቶ ከጨመረ ግን መጀመሪያ በ400,000 ይገዛ የነበረውን ዕቃ ለመግዛት ወደ 879,000 ብር ያስፈልጋል። ከተፈረደላት አቅም 42 በመቶ ያህሉ ቀልጧል። ወፍጮውና የከተማ ቦታው ግን ቤተሰቡ እጅ ሆነው ከዋጋው ጋር አብረው ወጥተዋል። ባንክ በ9 በመቶ በማያበድርበት ዘመን ይህች ሴት የከተማዋ ርካሽ አበዳሪ ሆናለች፤ ያውም ሳትጠየቅ። የጠበቃ ክፍያ ከዚህ ትርፍ አንጻር ምን ያህል ነው? ብልህ ባለዕዳ መክፈሉን ቢያዘገይ አይደንቅም።

30 በመቶን የወሰድኩት በ2014 እና በ2015 በጀት ዓመት ይፋዊው አማካይ ቁጥር ራሱ ከዚያ በላይ ስለነበረ ነው። ይህንንም ቢሆን አላምነውም። የመንግሥት ዋጋ ማውጫ የተመዘነው ከዓመታት በፊት በተደረገ የቤተሰብ ወጪ ጥናት ነው፤ ልጆቿን ይዛ ክፍል የተከራየች ሴት ገንዘብ የሚያልቀው በጤፍ፣ በዘይትና በኪራይ ነው። ስለዚህ እውነተኛው ኪሳራዋ ከስሌቴ የሚበልጥ ይመስለኛል። 9 በመቶ የተጻፈው ዶላር በ2 ብር ተኩል ገደማ በሚመነዘርበት ዘመን ነበር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ዶላር ከ100 ብር አልፏል። ቁጥሩ ግን እዚያው ተተክሏል።

ይህ ከዳኞች ቀድሞ የገባቸው የአገር ሽማግሌዎች ናቸው። ጃርሳ ቢያ የሚባለው የሽማግሌዎች ሸንጎ ካሳ ሲቆርጥ ብዙ ጊዜ በላምና በእህል ይቆርጣል፤ ላሟም ጤፉም ከገበያው ጋር ዋጋቸው ይነሳል። ኦሮሚያ በአዋጅ 240/2013 ለባህላዊ ፍርድ ቤቶች እውቅና ስትሰጥ ይህ ልምድ ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት ይሻገራል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። በእርግጥ ሽማግሌ ፊት ሴቷ «ለልጆችሽ ስትይ ተይው» መባሏ አይቀርም፤ የመክፈያው ዓይነት ግን ትክክል ነው።

የቀረውን በአጭሩ ልበል። ክስ ሲመሠረት በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 151 እና 154 እግድ ካልተጠየቀ ንብረቱ ከፍርድ በፊት ስም ይለውጣል። በዓይነት መክፈል ሲቻል በብር መፍረድ ባለመብቷን መቅጣት ነው። ሕጋዊ ወለዱ ከባንክ ማበደሪያ ወለድ በታች እስካለ ድረስም የቁጥር 418 ተቃውሞ መበርከቱ አይቀርም፤ ዳኛ ቢጨመርም፣ ችሎት ቢሠራም።