ልጁ ድኗል፤ መድኃኒቱ ግን አላለቀም

ልጅ «ጉሮሮዬን አመመኝ» ሲል በየቤቱ የሚደረገው ይታወቃል። አያት ዳማከሴ ትጨምቃለች፤ እናት ዝንጅብል ታፈላለች፤ አባት ማታ ከሥራ ሲመለስ ከሰፈር መድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ይዞ ይገባል። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ይለቀዋል፤ ልጁም ኳሱን ይዞ ይወጣል። የተረፈው መድኃኒት «ሌላ ጊዜ ሲያመው ይሆነዋል» ተብሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ብዙ ጊዜ ነገሩ በዚሁ ያበቃል። ዛሬ የማወጋችሁ በዚህ ስላላበቃላቸው ልጆች ነው።

ነርስ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በጤና ጣቢያ የሕፃናት ተመላላሽ ክፍል ለብዙ ዓመታት ሠርቻለሁ፤ አሁንም እየሠራሁ ነው። ከሥራዬ መርፌ መውጋቱ ትንሹ ነው፤ ትልቁ ወሬ ነው። «ሲስተር፣ ወሬውን ተይና ወግተሽ ሸኚን» የሚሉኝ አሉ። አልፈርድባቸውም፤ ከጠዋት ጀምሮ ወረፋ ላይ ናቸው፤ ቤት ውስጥም ሌላ ሕፃን ትተው መጥተዋል። ነገር ግን ይህ በሽታ ከመድኃኒቱ እኩል ወሬውን የሚፈልግ በሽታ ነው።

ቶንሲል ከምንለው ሕመም አብዛኛው በቫይረስ የሚመጣ ነው። ልጁ የሚያስነጥሰው፣ አፍንጫው የሚፈስ፣ የሚያስለውና ድምፁ የሻከረ ከሆነ ነገሩ ጉንፋን ሳይሆን አይቀርም፤ አሞክሳሲሊን ምንም አይፈይድለትም። ለእርሱ የአያት ዝንጅብልና ማር ይበቃዋል። ሌላው ዓይነት ግን ስትሬፕቶኮከስ በሚባል ባክቴሪያ የሚመጣው ነው። ድንገት ይጀምራል፤ ትኩሳቱ ከፍ ይላል፤ ምራቅ መዋጥ እንኳ ያማል፤ አንገት ሥር ንፍፊት ይወጣል፤ ቶንሲሉ ቀልቶ ነጭ ነገር ሊታይበት ይችላል። ሳልና ንፍጥ ብዙውን ጊዜ የለም። በዚህ የሚያዙት በብዛት ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች ናቸው። ሁለቱን በዓይን ብቻ መለየት ለእኛ ለባለሙያዎቹም ሁልጊዜ አይቀናንም። ስለዚህ ሳል የሌለው፣ ትኩሳት ያለው የጉሮሮ ሕመም ሲገጥማችሁ ከመድኃኒት ቤት በፊት ወደ ጤና ጣቢያ ብቅ በሉ።

ይህ ባክቴሪያ ክፉ የሚሆነው ጉሮሮ ላይ ሳለ አይደለም። በአንዳንድ ልጆች ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት ያዘጋጀው ኃይል ጠላቱን ከወዳጁ መለየት ያቅተውና የገዛ መገጣጠሚያውንና ልቡን ይወጋል። ጉሮሮው ከዳነ ከ2 ወይም ከ3 ሳምንት በኋላ፣ ሁሉም ሰው ሕመሙን ረስቶት ሳለ፣ ትኩሳቱ ይመለሳል። ጉልበት ያብጣል፤ እርሱ ሲሻለው ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያም ክርን ይቀጥላል። ይህ ሩማቲክ ትኩሳት ይባላል። መገጣጠሚያው ያለ ጠባሳ ይድናል። ልብ ግን ቫልቭ የሚባሉ በሮች አሉት፤ እነርሱ ጠባሳ ይይዛሉ። የሕመሙ እያንዳንዱ ምላሽ ጠባሳውን ያወፍረዋል፤ በሩ ወይ በደንብ አይዘጋም፣ ወይ በደንብ አይከፈትም።

ሌላም መልክ አለው፤ አስተማሪዎችም ቢያውቁት ደስ ይለኛል። ከጉሮሮ ሕመሙ ወራት ቆይቶ ሊመጣ ይችላል። ልጅቷ (በሴቶች ላይ ይበዛል) እጇ አላርፍ ይላታል፤ ብርጭቆ ትጥላለች፤ ያማረ የነበረ ጽሕፈቷ ይበላሻል፤ ፊቷ ያለ ፈቃዷ ይንቀሳቀሳል፤ ያለ ምክንያት ታለቅሳለች። ትምህርት ቤት «ረበሸች» ተብላ ትቀጣለች፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ቡዳ ነው፣ ዓይነ ጥላ ነው ይባላል። ይህ የሩማቲክ ትኩሳት አንዱ ምልክት ነው።

አንዲት አያት የ9 ዓመት የልጅ ልጃቸውን ይዘው የመጡ ዕለት የተነጋገርነውን ብነግራችሁ ነገሩ ይገለጻል። ልጁ ያነክሳል። «እድገት ነው ብዬ ነበር» አሉኝ። «ቁርጥማት የሽማግሌ እንጂ የልጅ ነው እንዴ?» ከሁለት ሳምንት በፊት ጉሮሮውን አሞት እንደነበር ስጠይቃቸው ተገረሙ። «እንጥሉንማ ገና በሕፃንነቱ አስቆርጬዋለሁ፤ እንዴት ቶንሲል ይይዘዋል?»

ስለ እንጥል ከተነሳ አንድ ነገር ልበል። እንጥል ማስቆረጥና የወተት ጥርስ ማስነቀል ልጅን ለመጠበቅ በቅንነት የሚደረግ ነው፤ እኚህም አያት ያደረጉት የልጅ ልጃቸውን ስለሚወዱ ነው። ነገር ግን እንጥል የተቆረጠው ልጅ ባክቴሪያውን ከመያዝ አይድንም። በላዩ ላይ ደም መፍሰስ አለ፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ በአንድ ምላጭ ከልጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ በሽታ አለ። ይህን ለአያት ስነግር ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። አያት በልጃቸውና በልጅ ልጃቸው ፊት ከተወቀሱ ሁለተኛ አይመጡም፤ እርሳቸው ካልመጡ ደግሞ ልጁም አይመጣም። በቤቱ ያለውን ውሳኔ ማን እንደሚሰጥ ሳያውቁ ምክር መስጠት ውኃ በወንፊት መቅዳት ነው።

ልጁ ወደ ሆስፒታል ተልኮ በኢኮ ሲታይ ከልቡ በሮች አንዱ በመጠኑ ያሾልካል። ከዚያ በኋላ የሚደረገው በየ4 ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን መወጋት ነው። መርፌው የተጎዳውን በር አይጠግንም፤ ሥራው ባክቴሪያው ዳግመኛ ጉሮሮ ላይ እንዳይሰፍር መከልከል፣ ልብም ሁለተኛ እንዳይመታ ማድረግ ነው። የሚወሰደው ለወራት ሳይሆን ለዓመታት ነው፤ ልቡ የተጎዳ ልጅ አድጎ፣ አግብቶ፣ ወልዶም ሊወጋው ይችላል። የሚቆምበትን ጊዜ የሚወስነው ሐኪም ነው።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ልጁ ከሦስተኛው መርፌ በኋላ ይሮጣል፤ ይበላል፤ ጉንጩ ሞልቷል። መርፌው ደግሞ ወፍራም ስለሆነ ያማል። ላልታመመ ልጅ የሚያም መርፌ መውጋት የእናትን አንጀት ይበላል። «አሁንማ ድኗል» ተብሎ አንድ ወር ይዘለላል፤ ቀጥሎ ሁለት።

በሥራዬ ከምፈራቸው ቃላት አንዱ «እሺ» ነው። ባህላችን ጨዋ ነው፤ ነጭ ጋውን ለለበሰ ሰው «አልገባኝም» አይባልም። እናት አንገቷን ነቅንቃ «እሺ ሲስተር» ትላለች። ያ «እሺ» ገባኝ ማለት ሊሆን ይችላል፤ አክብሬሻለሁ ማለትም ሊሆን ይችላል፤ ታክሲ ሳይጠፋ ልሂድ ማለትም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ገባሽ ወይ?» ብዬ አልጠይቅም። «ቤት ስትደርሺ ባለቤትሽ ምን አሉሽ ቢልሽ ምን ትይዋለሽ?» ነው የምላት። ያኔ የገባትም ያልገባትም ይወጣል። አንዷ «ልቡ ቀዳዳ አለው፣ መርፌው ይደፍነዋል ብላኛለች እለዋለሁ» ያለችኝን አልረሳም። እንዲህ ብላ ብትሄድ ኖሮ ከወር በኋላ «ተደፈነ» ብላ ታቆም ነበር።

አያትዮዋ ደግሞ ቀኑን እንዴት እንደሚያስታውሱ ስጠይቃቸው ወዲያው መለሱ፤ «ሚካኤልን መች እረሳና! በየወሩ በ12 አመጣዋለሁ።» መልካም ሐሳብ ነው፤ ብዙዎችም የሚያደርጉት እንዲሁ ነው። ነገር ግን 4 ሳምንት 28 ቀን ነው፤ ከ12 እስከ 12 ደግሞ 30። ጳጉሜን ስትጨመር ከነሐሴ 12 እስከ መስከረም 12 ያለው 35 ቀን ይሆናል፤ በዚያን ጊዜ መድኃኒቱ በደም ውስጥ በጣም ሳስቷል። ጣት እየቆጠርን ተነጋገርን። መላውን ያመጡት እርሳቸው ናቸው። «እቁቤ በየእሑዱ ነው። አራተኛው ዕጣ በወጣ ማግስት፣ ሰኞ ሰኞ አመጣዋለሁ።» እኔ በካርድ ላይ ከምጽፈው ቀን ይልቅ የእርሳቸው እቁብ ይበልጥ እንደሚታመን አውቄ ካርዱ ላይ «ከእቁብ ማግስት» ብዬ ጨመርኩበት።

ስለ መርፌው የሚወራውንም አላልፈውም፤ «ቤንዛቲን ልጅ ገደለ» የሚል ወሬ በየሰፈሩ አለ። ለመድኃኒቱ ከባድ አለርጂ የሚያሳይ ሰው አለ፤ ግን እጅግ ጥቂት ነው፤ ለዚህ ተብሎ ድንገተኛ መድኃኒት ተዘጋጅቶ ይጠበቃል፣ ልጁም ከተወጋ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል አጠገባችን ይቆያል። ያንን ግማሽ ሰዓት አትንፈጉን። ልጁ በባዶ ሆዱ አይምጣ፤ ቁርሱን በልቶ ውኃ ጠጥቶ ይምጣ፤ ሲወጋም ይተኛ። ልቡ አስቀድሞ ክፉኛ የተዳከመ ሰው ግን ለብቻው ይታያል። ሌሊት ጋደም ሲል ትንፋሽ የሚያጥረው፣ እግሩ የሚያብጥ፣ ራሱን የሚስት ከሆነ ከመርፌው በፊት ንገሩን፤ ሐኪሙ በመርፌው ፋንታ በየቀኑ የሚዋጥ ፔኒሲሊን ሊያዝለት ይችላል።

ጸበል ስለሚወስዱ ወላጆችም ይጠይቁኛል። ይጠመቅ፤ ሰኞ ደግሞ ይወጋ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም፤ ይህን የሚሉ ካህናትም አጋጥመውኛል።

ወደ መነሻው፣ ወደ ቁም ሳጥኑ መድኃኒት ልመለስ። ለባክቴሪያው ቶንሲል አሞክሳሲሊን ሲታዘዝ 10 ቀን ሙሉ ነው። ትኩሳቱን ለማብረድ ሦስት ቀን ይበቃ ይሆናል፤ ባክቴሪያውን ከጉሮሮ ጠራርጎ ለማውጣት ግን አይበቃም። ኪኒን አሥር ቀን ማስዋጥ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ንገሩን፤ በአንድ ቤንዛቲን መርፌ ማለቅ ይችላል። ደግሞም አልዘገየም፤ ሕመሙ ከጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ሕክምናው ከተጀመረ ሩማቲክ ትኩሳትን መከላከል ይቻላል። ግማሽ ዶዝ የሚሸጥ መድኃኒት ቤትም፣ ግማሽ የሚገዛ አባትም አለ። በኑሮ ውድነት ይገባኛል፤ የገዛው ግማሽ ግን ገንዘቡን ጥሎ በሽታውን እንደማቆየት ነው።

ይህ በሽታ ከሀብታም አገሮች ጠፍቷል ማለት ይቻላል፤ የጠፋውም ቤት ሰፍቶ፣ ሕክምና ቀርቦ ነው። እኛ ስድስትና ሰባት ሰው በአንድ ክፍል እናድራለን፤ ታክሲ ውስጥ ደግሞ «ብርድ ይመታኛል» ብለን መስኮቱን ጥርቅም እናደርጋለን። (በዚህ ነገር ከስንት ተሳፋሪ ጋር እንደተጣላሁ!) በ2007 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ በአፍሪካ ኅብረት፣ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ በዓለም ጤና ጉባኤ በሽታውን ለማጥፋት ውሳኔ ተላልፏል። በጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ይሠራል፤ ወረፋው ግን ረጅም ነው። በዚያ ወረፋ ከቆሙት ብዙዎቹ ጉሮሯቸውን ብቻ የታመሙበት ጊዜ ነበር።

ተራው ደርሶ የብረት ቫልቭ የተገባለት ልጅ ደግሞ ደም የሚያቀጥን ዋርፋሪን የተባለ ኪኒን ዕድሜውን ሙሉ ይውጣል፤ በየጊዜውም ደሙ ይመረመራል። እዚህ ላይ ጾም ሲገባ የምንነጋገረው አለ። ጎመን የዋርፋሪንን ኃይል ይቀንሳል። ጎመን አይብላ አይባልም፤ በፍስክ ሳይቀምስ ቆይቶ በጾም ድንገት በየቀኑ አያብዛ ነው። መጠኑ ዓመቱን ሙሉ ተቀራራቢ ይሁን፤ ለውጥ ካለም ለሐኪሙ ይነገር። ጥርስ ሊነቀል ሲኬድም የልብ ሕመምተኛ መሆኑን ሳይናገሩ ወንበሩ ላይ መቀመጥ የለም።

ሴት ልጅ ያላችሁ ደግሞ ይህን ስሙኝ። የጠበበ የልብ በር ያላት ልጅ ሳይታወቅባት ልታድግ ትችላለች። ስታረግዝ ግን ደሟ ይበዛል፤ ልቧ መሸከም ያቅተዋል፤ ብዙዎች መታመማቸውን የሚያውቁት ያኔ ነው። የታወቀባትም ብትሆን «ባል እንዳታጣ» ተብሎ ይደበቃል። ካርዷ ይሰወራል፣ መርፌው ይቋረጣል፣ ከዚያ በስድስት ወር እርግዝና ትንፋሽ አጥሯት ትመጣለች። ዋርፋሪን የምትወስድ ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱ ፅንሱን ሊጎዳ ስለሚችል ከማርገዟ በፊት ከሐኪም ጋር መነጋገር አለባት፤ በራሷ ማቆምም ለቫልቩ አደገኛ ነው። ለሙሽራው ማን ይንገር፣ መች ይነገር የሚለውን ከእናትና ከልጅ ጋር በር ዘግተን ብዙ ጊዜ ተመካክረናል። ልጅቷ ራሷ ስትናገር ነገሩ የሚቀል ይመስለኛል።

ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ብዙ ልጆች ክረምቱን ለማሳለፍ አገር ቤት ይሄዳሉ። ሁለት ወር ማለት ሁለት መርፌ ማለት ነው። ከመሄዱ በፊት ቀጠሮው ጥቂት ቀን ቢቀረውም አምጡትና እንውጋው። በሚሄድበት አገር ለሚገኘው ጤና ጣቢያም የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑንና የሚቀጥለውን ቀን የያዘ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ እንጽፍላችኋለን፤ ከካርዱ ጋር ሻንጣው ውስጥ ከላይ ይቀመጥ።