የልብ ድካም ሕሙማን ክሳትና የዘር ውርስ

ሥር በሰደደ የልብ ድካም የሚሠቃይ ምእመን ሰውነቱ እየመነመነ ሲሄድ ቤተሰቡ አንድም «አልበላ ብሎ ነው» ብሎ ይወቅሰዋል፤ አንድም «የዘር ነው» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ሁለቱም አባባሎች ጎዶሎዎች ናቸው።

ልብ ደምን በሚገባ መርጨት ሲሳነው በሰውነት ውስጥ ብግነት ይነሣሣል። ቲኤንኤፍ-አልፋ የተባለው የብግነት ፕሮቲን ሲበዛ የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፤ ጡንቻም ይሟሽሻል። በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ይህ ፕሮቲን ከባድ የልብ ድካም ባለባቸው፣ ይልቁንም በከሱት ሕሙማን ደም ውስጥ ከፍ ብሎ መገኘቱን አሳይቷል።

ብግነትን፣ የምግብ ፍላጎትንና የጡንቻን ዕድገት የሚመሩት ዘረ መሎች ከእናትና ከአባት የሚወረሱ ሲሆኑ ከሰው ወደ ሰው በጥቂቱ ይለያያሉ። በአንድ ዓይነት ሕመም ከተያዙ ሁለት ሰዎች አንደኛው ፈጥኖ የሚከሳበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ክሳትን ብቻውን የሚወስን አንድ ዘረ መል አልተገኘም። ውርስ ዝንባሌ እንጂ ፍርድ አይደለም።

ስለዚህ የሰበካ ጉባኤያት ድርሻ ክትትል ነው። በእግርና በሆድ የሚጠራቀም ውኃ ክሳትን ስለሚሸፍን ሚዛን ብቻውን አይበቃም፤ ክንድና ጭንም ይታዩ። 60 ኪሎ ግራም ይመዝን የነበረ ሕመምተኛ እብጠት ሳይኖርበት በ12 ወራት ውስጥ ከ3 ኪሎ ግራም በላይ ከቀነሰ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይላክ። የንስሐ አባቶችም ሕሙማን በጾም ምክንያት ምግብና መድኃኒት እንዳይጓደልባቸው አስቀድመው እንዲመክሯቸው በትሕትና እናሳስባለን።