ያውቁ ኖሯል? የአንገት እብጠትና ቀለም የገባው ሴል

በየክረምቱ ከጮቄ ተራራ ቁልቁል የሚወርደው ጎርፍ ከዐፈሩ ጋር አዮዲኑንም ጠርጎ ይወስዳል። ዐፈሩ ያጣውን እህሉም ወተቱም ያጣዋል። በደጋው አገር እንቅርት የሚበዛበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አገር አቀፍ ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች 35.8 በመቶው እንቅርት እንዳለባቸው አሳይቷል። ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድደው ደንብ የወጣው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።

አብዛኛው እንቅርት ካንሰር አይደለም። ግን በቆየ እንቅርት ውስጥ ካንሰር ተደብቆ ሊያድግ ይችላል፤ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ያኔ ነው።

ካንሰሩን ለመለየት የሚቀድመው ቢላ ሳይሆን ቀጭን መርፌ መሆኑንስ ያውቁ ኖሯል? ሐኪሙ ከእብጠቱ ጥቂት ሴሎች ይስባል፤ ጠብታዋን ስላይድ ላይ አድርጎ በሌላ ስላይድ በስሱ ይዘረጋታል። ፓቶሎጂስቱ በማይክሮስኮፕ አይቶ ከስድስት ምድቦች በአንዱ ያስቀምጣታል። መካከለኞቹ ምድቦች ግን ሐኪምንም ታማሚንም ያስጨንቃሉ፤ «ነው» አይሉ፣ «አይደለም» አይሉ።

የፕሮቲን ቀለም የሚያግዘው እዚህ ላይ ነው። አንቲቦዲ አንድን ፕሮቲን ብቻ ፈልጎ ይይዛል፤ አብሮት ያለው ኢንዛይም ያንን ቦታ ቡናማ ያደርገዋል፣ የሴሉ አስኳል ደግሞ በሄማቶክሲሊን ሰማያዊ ይሆናል። ኢንዛይሙ የሚወጣው ሆርስራዲሽ ከተባለ የሚያቃጥል ሥር፣ ሄማቶክሲሊኑ ከማዕከላዊ አሜሪካ ዛፍ እንጨት ነው። አንቲቦዲን ከቀለም ጋር የማጣመሩን መንገድ የከፈቱት እ.ኤ.አ. በ1941 አልበርት ኩንስና ባልደረቦቹ ናቸው።

ከአንገት ንፍፊት በተወሰደ ሴል ላይ ታይሮግሎቡሊን የተባለው ፕሮቲን ቡናማ ሆኖ ከታየ፣ ካንሰሩ ከታይሮይድ ዕጢ ተነሥቶ ተዛምቷል ማለት ነው። ካልሲቶኒን ከታየ ነገሩ ሌላ ነው፦ ሜዱላሪ የተባለው ካንሰር ነው፣ በራዲዮአክቲቭ አዮዲን አይታከምም፣ ከአራት ታማሚዎች በአንዱ ገደማ ደግሞ በዘር የመጣ ነው። ስለዚህ አንዲት ስላይድ የታማሚዋ ልጆችና እህቶችም እንዲመረመሩ ምክንያት ትሆናለች። ለእኔ ከዚህ ሙያ ሁሉ ትልቁ ነገር ይህ ነው።

ጋሌክቲን 3 እና ኤችቢኤምኢ 1 የተባሉት ምልክቶች ካንሰርን ለመጠርጠር ይረዳሉ፤ ብቻቸውን ግን አይፈርዱም። ፎሊኩላር የተባለውን ካንሰር ደግሞ መርፌ አይለየውም፤ እብጠቱ ወጥቶ ሽፋኑን ወይም የደም ሥሩን ሰብሮ መግባቱ መታየት አለበት።

አንቲቦዲ ፍሪጅ ይፈልጋል፣ ዋጋውም ውድ ነው። ከመርፌው የተረፈው ሴል ግን በፓራፊን ብሎክ ውስጥ ከተቀመጠ ያለ ፍሪጅ ለዓመታት ይቆያል። ለቀለም ምርመራው ከደብረ ማርቆስ እስከ አዲስ አበባ ቢኬድ መንገዱ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዓባይን መሻገር ያለባት ያቺ ትንሽ ብሎክ እንጂ ታማሚዋ አይደለችም።

እብጠትዎ ከጠነከረ፣ ቶሎ ካደገ፣ ድምፅዎ ከጎረነነ ወይም መዋጥ ካስቸገረዎ በነጠላ አይሸፍኑት፤ ይመርመሩ። ናሙና ሲሰጡም የተረፈው በፓራፊን እንዲቀመጥልዎ ሐኪምዎን ይጠይቁ።